የረቡዕ ከሰዓቱ ስፌት

ባለፈው ሳምንት ለትራስ ልብስ የሚሆን አቡጀዴ ልገዛ መጋላ ወርጄ ነበር። ባጃጁ መንገዱ አፍ ላይ አውርዶኝ ቀሪውን በጥላ በጥላው እያዘገምኩ ገባሁ። ባለሱቁ ገና ወጣት ነው። ጥቅሉን ከመደርደሪያው አውርዶ ባንኮኒው ላይ ፈታ ፈታ አድርጎ ሲዘረጋው፣ ያ ያልታጠበ አቡጀዴ ሽታ፣ የጥጥና የስታርች፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ጆንያ የሚሸተው ሽታ ፊቴን መታኝ። ጨርቁን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። «እማማ፣ አብሽሪ፣ ውሃ ላምጣልሽ?» አለኝ ልጁ ደንግጦ። ደህና ነኝ አልኩት። ደህና ነበርኩ፤ ግን እዚያ ሱቅ ውስጥ አልነበርኩም። ስንትና ስንት ዓመት ወደኋላ ሄጄ፣ በትምህርት ቤታችን የጓሮ ክፍል፣ በተጋረደ መስኮት ሥር፣ ጭኔ ላይ ቁራጭ አቡጀዴ፣ እጄ ላይ መርፌ ይዤ ተቀምጫለሁ።

የዚያን ጊዜዋን ድሬ ላላያት ሰው ሳወራ ያጋነንኩ ይመስለዋል። ጃንሆይ በዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ ዓመተ ምሕረቱን ግን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመኑን የማስታውሰው በልብሱና በሳምቡሳ ዋጋ ነው። ሳምቡሳ ሁለቱ በአሥር ሳንቲም ነበር። ሲኒማ የፊት ወንበር በስሙኒ ይገባል፤ ጣሪያ የሌለው ሲኒማ ስለነበር ህንዶቹ ሲዘፍኑና ሲያለቅሱ ከዋክብት ከላይ ሆነው አብረውን ያያሉ። ከተማዋን አሸዋማው ደቻቱ ለሁለት ይከፍላታል። ወንዝ ይባላል እንጂ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው ማለት ይቻላል፤ ደጋው ላይ ሲዘንብ ብቻ በድንገት እየጮኸ ይመጣና ፍየልም ጋሪም ሳይለይ ጠርጎ ይሄዳል። ከአሸዋው ወዲህ ከዚራ፣ ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ከግራና ከቀኝ የተቃቀፉ ዛፎች፣ ሰፊ በረንዳ ያላቸው የባቡር ሠራተኞች ቤቶች። ከአሸዋው ወዲያ መጋላ፣ ነጭ ግድግዳ፣ እንደ ክር የቀጠኑ መተላለፊያዎች፣ አዛን፣ የሚጠበስ ዘይት፣ የዘይቱን ሽታ። ዘይቱን የምንለው ሌላው ጋቫ የሚለውን፣ ያንን ውስጡ ቀይ፣ ዘሩ ብዙ ፍሬ ነው። በወራቱ ከተማው በሙሉ እሱን እሱን ይሸታል። ወንዶቹ ፀጉራቸውን በብሪያንቲን ቅባት አስተኝተው በተርጋል ሱሪ ይንጎራደዳሉ፤ እኛ ከዚራዎቹ ፖፕሊን ጉርዳችንን በስኳር ውሃ አድርቀን እንደ ጃንጥላ እናስነሳዋለን፤ የመጋላ እመቤቶች ነፋስ የሚያህል ስስ የዲሪ ቀሚስ ለብሰው በጋሪ ያልፋሉ። ከየሻይ ቤቱ ሬዲዮ የሱዳን ዘፈን ይወጣል። ቃሉን አንሰማውም፤ ግን ሁላችንም አብረን እናንጎራጉረዋለን።

አባቴ የባቡር መካኒክ ነበር፤ ፈረንሳይኛና አማርኛ እየቀላቀለ የሚያወራ፣ ቅባት ቅባት የሚሸት ደግ ሰው። ሴት ልጅ ትማር የሚል ስለነበር ሁለተኛ ደረጃ ገባሁ። ክፍሉን የሞሉት ወንዶች ነበሩ፤ እኛ ሴቶች ከፊት ካሉት ወንበሮች አንዱን ረድፍ እንኳ አንሞላም። ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ የምትቀመጠው ሐዋ ነበረች፤ የመጋላው የጨርቅ ነጋዴ የሐጂ ዑመር ልጅ። ቤቷ ሶማሊኛ፣ ሰፈሯ ኦሮምኛ፣ ቁርኣን ቤት ዓረብኛ፣ ከእኔ ጋር አማርኛ ትናገራለች፤ ስትናደድ ደግሞ አራቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር። በሒሳብ ወንዶቹን ሁሉ የምታስከነዳ ልጅ ነበረች። የባዮሎጂ አስተማሪያችን ከህንድ አገር የመጡ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሽማግሌ ናቸው። አበባ ሲያስተምሩን ማየት ነበረባችሁ! በቀለም ጠመኔ ሰሌዳውን አትክልት ቦታ ያደርጉታል። ወንዴውን፣ ሴቴውን፣ ብናኙን፣ ንቧን። ስለ አበባ የማናውቀው ነገር አልነበረም። ከዚያ እንቁራሪት መጣ። ከእንቁራሪት ቀጥሎ ስለ ሰው የሚናገረው ምዕራፍ ሲደርስ ግን መጽሐፉን ዘግተው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ይህን እቤታችሁ ታነቡታላችሁ» አሉ። መጽሐፉ ያለው እሳቸው ዘንድ ብቻ ነበር። ከኋላ ያሉት ወንዶች ሳቁ። እኛ አንገታችንን ደፋን፤ ለምን እንደደፋን እንኳ አናውቅም።

እቤትማ ማን ሊነግረን? ደሙ እኔ ላይ የመጣብኝ ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። እናቴ አየችኝና ፊቷ ልውጥ አለ። ሳጥን ከፍታ አሮጌ ነጠላ ቀድዳ ሰጠችኝና «ከእንግዲህ ሴት ነሽ። ወንድ አጠገብሽ እንዳይደርስ። ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ» አለችኝ። በቃ። ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ ቃል አልወጣትም። ክፉ ሴት ስለሆነች አይደለም፤ እሷም የተሰጣት ያችው ቃል ነበረች። ስለዚህ የቤተሰባችን በሽታ ነው ብዬ ደመደምኩ። «ወንድ አጠገብሽ እንዳይደርስ» የሚለውንም እንደ ቃሉ ወሰድኩት፤ ጋሪ ላይ ወንድ ጎኔ ከተቀመጠ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ። ደግሞ የእልፍነሽ ነገር አለ። እልፍነሽ ከእኛ አንድ ክፍል ከፍ ብላ የምትማር መልከ መልካም ልጅ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሁርሶ ጦር ሰፈር ካኪያቸውን አስተኩሰው ከሚመጡት ወጣት ወታደሮች ካንዱ ጋር ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየች ተባለ። ከዚያ ጉርዷ ጠበባት። ከዚያ ወንበሯ ባዶ ሆነ። አዋሽ አክስቷ ዘንድ በባቡር ተላከች አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ያያት የለም። ማንም ምንም ስላላስረዳን እኛ ከዚህ ያገኘነው ትምህርት ሲኒማ ቤት በር ላይ መቆም ያስረግዛል የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ያንን በር በሩጫ ነው የማልፈው።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ እውቀታችን ላይ ነው የሐዋ ቀን የደረሰው። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነበር። አስተማሪው ቁጡ፣ ልምጭ ከእጃቸው የማይለይ ሰው ናቸው።

«ሐዋ ዑመር! ወደ ሰሌዳ!»

ሐዋ አልተነሳችም። ሌላ ቀን ቢሆን ስሟ ሳይጠራ ሰሌዳው ጋ ነች።

«አልሰማሽም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«አልችልም።»

ከኋላ ሹክሹክታ ጀመረ። ዘወር ብዬ ሳያት ወንበሩን በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ ይዛዋለች፤ ከንፈሯ ነጥቷል። ዓይኔ ወደ ታች ሄደ። የካኪ ጉርዷ ላይ ደሙን አየሁ። አቤት ያኔ የተሰማኝ! ድንጋጤ ነው፣ ግን ደግሞ እፎይታ ነገር አለበት። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ «አንቺም?» አልኳት። እንባ በሞላ ዓይኗ አየችኝና እሷም «አንቺም?» አለች። አስተማሪው ልምጫቸውን ይዘው ወደኛ መምጣት ጀመሩ። ምን እንዳደርግ ማንም አልነገረኝም፤ ብቻ ብድግ አልኩና የቀለሙን ብልቃጥ በክንዴ ጠረግኩት። ሰማያዊው ቀለም በሐዋ ጉርድ፣ በእኔ ጉርድ፣ በወንበሩ ላይ ወረደ። ወንዶቹ ጮኹ፤ አስተማሪው «አንቺ ደንቃራ!» ብለው መዳፌን በልምጭ አቃጠሉትና ሁለታችንንም ታጠቡ ብለው አባረሩን። ከክፍሉ ስንወጣ ማንም ያየው ሰማያዊ ብቻ ነበር።

ቧንቧው ሥር ሐዋ ጉርዷን በውሃ እያሸች፣ «ልሞት ነው ጽጌ። ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተበጥሷል፣ ወላሂ» አለችኝ። «አትሞቺም» አልኳት፤ «እኔ አልሞትኩም።» የነበረኝ ትምህርት ያ ብቻ ነበር፤ እሱን ሰጠኋት። በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ በቀትር፣ ሰማያዊ ሆነን እጅ ለእጅ ተያይዘን ተሻገርን። ዘይቱን የሚሸጡ ሴቶች «አቦ፣ እነዚህን ማን ነክሯቸው ነው?» ብለው ሳቁብን። እኛም ሳቅን፤ ሐዋ እያለቀሰች ነበር የምትስቀው።

ከዚያን ቀን በኋላ ሐዋ ቀረች። ቀለሙ ትምህርት ቤቱን ሲያታልል እናቷን አላታለለም፤ እናቷ ለአባቷ ልጅቷ ደርሳለች አለች፣ አባቷም የደረሰች ልጅ ቤቷ ትቀመጥ አለ። ጅቡቲ የሚነግድ የወንድሙ ልጅ ነበረ፤ ከረመዳን በኋላ ሊያገባት ይመጣል ተባለ። አጠገቤ ያለው ቦታ ባዶ ሆነ፤ እንደ እልፍነሽ ወንበር። የአስተማሪው የሒሳብ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ሳይመለስ የሚቀርበት ቀን በዛ።

ወይዘሪት ብዙነሽ ከአዲስ አበባ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው፤ የቤት አያያዝ አስተማሪ ሆና። ያኔ ትልቅ ሰው መስላኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው እሷም ልጅ ነበረች። ፀጉሯን አጭር ተቆርጣ፣ ነጭ ጫማ አድርጋ፣ ለፀሐይ ጃንጥላ ይዛ ትሄዳለች፤ የድሬ ሰው ለሷም ለሹሙም ለሽማግሌውም እኩል «አንቺ፣ አንተ» ሲል ሰምታ መጀመሪያ ላይ ክው ብላ ነበር። ስም ጠርታ ስትጨርስ አስቀረችኝ።

«ይቺ ሐዋ ዑመር የምትባለው የት ነች?»

«ታማለች።»

«ምኗን?»

ጉርዴን በእጄ ሸፈንኩ። ዓይኗ ጉርዴ ላይ አረፈ። ስንቴም ታጥቦ ያለቀቀውን ሰማያዊ አየችው። «ይህስ ምንድን ነው?» አለችኝ። ቀለም ነው ልል አፌን ስከፍት ለቅሶ ቀደመኝ፤ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ አላፈረችም። መሐረቧን ሰጠችኝና «ቤታቸውን ታውቂዋለሽ?» አለች።

በማግሥቱ በጋሪ መጋላ ወረድን። ሐጂ ዑመር ጢሙን በሂና አቅልሞ፣ ሽርጡን አገልድሞ፣ ከጨርቅ ጥቅሎቹ መካከል እንደ ንጉሥ ተቀምጧል። ወይዘሪት ብዙነሽ ብዙ አቡጀዴ ጠየቀችው።

«ይህን ሁሉ ምን ልታደርጊበት ነው? የመርከብ ሸራ ልትሰሪ?» አላት።

«ሴት ተማሪዎችን ልብስ ስፌት ላስተምርበት ነው። ሐዋም ብትኖር ጥሩ ነበር።»

«ሐዋ ከእንግዲህ ቤቷ ነች። ሙሽራ ልትሆን ነው።»

«ሙሽራ? ስፌት ሳትችል?»

ሐጂ ጢሙን አሻሸ። «መቼ መቼ ነው ስፌቱ?»

«ረቡዕ ከሰዓት። ግን ረቡዕ እንድትገባ የሌላውንም ቀን ትምህርት መከታተል አለባት። ደንብ ነው።»

እንዲህ ያለ ደንብ በትምህርት ቤታችን አልነበረም። ሐጂ ግን ደንብ የሚያከብር ሰው ነበር፤ አሰበ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዋጋውም ቀነሰላት። ከሱቁ ወደ ቤት በሚያስገባው መጋረጃ ሥር የሐዋ እናት ሩቂያ ቆማ ነበር፤ ረጅም፣ ዝምተኛ ሴት። ወይዘሪት ብዙነሽን ትክ ብላ አየቻት። ምን እንደምታስብ ከፊቷ አይነበብም። ሐዋ ግን ረቡዕ መጣች።

ያንን የጓሮ ክፍል ዓይኔን ስጨፍን እስከ ዛሬ አየዋለሁ። መጋረጃው ቢጫ ነበር፤ ፀሐዩ በሱ ሲገባ ሁላችንም ማር ውስጥ የተቀመጥን እንመስላለን። አቡጀዴውን ቆርጠን፣ ደራርበን፣ ዙሪያውን በደቃቅ ስፌት እንዘመዝማለን። የደም መቀበያ እንደሆነ ስትነግረን እጃችን ቆመ። «ይህ በሽታ አይደለም፤ እርግማንም አይደለም» አለች። «የወር አበባ ይባላል።» አበባ! ከዚያ ሁሉ የቀለም ጠመኔ አበባ መካከል የኛ አልተነገረንም ነበር። ሰሌዳው ላይ ማህፀን ሳለች። ማህፀን የሚለውን ቃል እኔ ከቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ በቀር የትም ሰምቼው አላውቅም። «ይህማ የበሬ ጭንቅላት ነው፣ ከነቀንዱ!» አለች ሐዋ፤ ወይዘሪት ብዙነሽ ራሷ እስክታነባ ሳቀች። ቃል ሲጠፋ ሐዋ ከዓረብኛ ታመጣለች፣ አንዷ ከኦሮምኛ፣ ሌላዋ ከእናቷ ሹክሹክታ፤ አንዱ ቋንቋ ያፈረበትን ሌላው ይናገረዋል። አንድ ቀን እጄን አወጣሁና፣ ጆሮዬ እየጋለ፣ «ወንድ ጋሪ ላይ አጠገቤ ከተቀመጠ አረግዛለሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። ማንም አልሳቀም። ሁሉም ሊጠይቁ የፈለጉት እሱኑ ነበር። እሷም አልሳቀችም። ወንበር ስባ ፊት ለፊታችን ተቀመጠችና አንድም ሳትደብቅ፣ አንድም ሳታቃልል ነገረችን። ልጅ እንዴት እንደሚፀነስ፣ እንዴት እንደሚወለድ፣ እምቢ ማለት እንደምንችል። ከዚያ «እልፍነሽስ ይህን ታውቅ ነበር?» አለች ሐዋ። ወይዘሪት ብዙነሽ መርፌዋ ውስጥ ክር ለማስገባት ሞከረችና አቃታት።

ነገሩ የወጣው በሰሌዳው ነው። አንድ ረቡዕ ሥዕሉ በደንብ ሳይጠፋ አደረ፤ ጠዋት ወንዶች ገብተው አዩት። ከሰዓት ላይ ወሬው ሻይ ቤት ደረሰ፤ ምሽት ላይ ቀፊራ ገበያ። ሲደርስ ግን ቅርፁን ቀይሮ ነበር፦ ከአዲስ አበባ የመጣችው አስተማሪ ሴት ልጆቻችሁን ልጅ እንዳይወልዱ ታስተምራለች። ዲሬክተሩ ደነገጡ፤ ክፍሉን ቆለፉና ወላጅ ጠሩ። ከሁሉ የተቆጣው ሐጂ ዑመር ነበር። «በገዛ ጨርቄ! በቅናሽ በሸጥኩት ጨርቄ!» እያለ መጋላን አናወጣት።

ስብሰባው ቅዳሜ ረፋድ፣ በግቢው ትልቅ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተደረገ። ወንዶች ብቻ ናቸው የመጡት፤ አባቴም የባቡር ቆቡን ጭኑ ላይ አድርጎ ከኋላ ተቀምጧል። እናቴን ነይ ብንላት «ለእንዲህ ያለ ወሬ ምን አስኬደኝ» ብላ ቀረች። ወይዘሪት ብዙነሽ ብቻዋን ወንበር ተሰጥቷት እንደ ተከሳሽ ከፊት ተቀምጣለች። አንዱ ተነስቶ ነውር ነው አለ፤ ሌላው የፈረንጅ ተንኮል ነው አለ፤ ሐጂ ዑመር ልጄን ዛሬውኑ አስወጣለሁ አለ። ሴቶቹ ተማሪዎች በክፍል መስኮት አሾልቀን እናያለን። ያኔ ነው ሩቂያ በበሩ የገባችው፤ ሐዋን በእጇ ይዛ። በወንዶቹ መካከል ሰንጥቃ አልፋ ዲሬክተሩ ፊት ቆመች።

«አማርኛዬ የገበያ ነው» አለች፤ «ለዚህ አይበቃም። ልጄ ትናገርልኛለች።» ከዚያ በሶማሊኛ ጀመረች፣ ድምጿን ሳታነሳ። ሐዋ ሁለት ሦስት ቃል ከተረጎመች በኋላ ቆመች።

«ምን አለች?» አሉ ዲሬክተሩ።

ሐዋ እናቷን አየች። እናቷ ራሷን ነቀነቀች።

«እናቴ እንዲህ ትላለች» አለች ሐዋ፣ ድምጿ ቀጥ ብሎ። «የወር አበባ ሲመጣብኝ እንደዚች ልጅ ልሞት ነው ብዬ ነበር። ማንም አልነገረኝም። ሲድሩኝም አልነገሩኝም። አርግዤም ልጁ በየት እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። ሆዴ የሚቀደድ ነበር የመሰለኝ። የሚቀደድበትን ቀን ስጠብቅ፣ ማታ ማታ ሆዴን ይዤ ለልጁ ይቅርታ አድርግልኝ ስለው ኖርኩ። እናቴ ታውቅ ነበር። አማቴም ታውቅ ነበር። ነውር ስለሆነ ዝም አሉ። በዲናችን ሴቶች ነቢዩ ዘንድ ሄደው ይህን ሲጠይቁ አላፈሩም ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኛ ማፈርን ከየት አመጣነው?»

ሐጂ ዑመር ቆሞ ነበር፤ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። በሶማሊኛ፣ ሌላ ሰው እዚያ እንደሌለ ሁሉ፣ አንድ ነገር ጠየቃት። እሷም አጭር መልስ መለሰችለት። ይህን ሐዋ አልተረጎመችውም። መጋላ ያደገ ግን ግማሹ ሰው ሶማሊኛ ይሰማል፤ ብዙዎቹ ወደ መሬት አዩ። ሐዋ ኋላ ነገረችኝ፤ «ለምን አልነገርሽኝም?» ነበር ያላት። «መቼ ጠይቀኸኝ?» ነበር መልሷ።

በተረት ቢሆን እዚያ ላይ ሁሉም ያጨበጭብና ክፍሉ ይከፈታል። አልተከፈተም። ዲሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ፈሪ ነበሩ፤ ስፌቱ ይቀጥል፣ ሥዕሉና ወሬው ይቅር ብለው በየኑ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ወይዘሪት ብዙነሽ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወረች። እስከዚያ ድረስ ግን ረቡዕ ከሰዓት ከወይዘሪት ብዙነሽ ጋር መርፌና ክራችንን ይዘን አሸዋውን እየተሻገርን የሩቂያ ግቢ እንገባ ነበር። ሩቂያ ራሷ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች፤ አንዳንዴም ጎረቤቶቿን ትጠራለች። ሐጂ ዑመር በዚያ ሰዓት ጉሮሮውን ሳይጠራርግ ወደ ቤት አይገባም። ስለ ሠርጉ ደግሞ ማንም አላነሳበትም፤ የጅቡቲው ሰው ከረመዳን በኋላ ሲመጣ ሐጂ ራሱ «ልጅቷ ትምህርት ላይ ነች» አለው። ሰውዬው መጠበቅ ሰልችቶት ሌላ አገባ። ሐዋ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ሐረር ነርስነት ተማረች፤ የዛሬዎቹን የመጋላ ጎልማሶች ግማሹን ወደዚህ ዓለም የተቀበላቸው እጇ ነው። ወይዘሪት ብዙነሽን ዳግም አላየኋትም። አንድ የምናውቀው ሰው ጎጃም ውስጥ አግኝቷት ነበር፤ እዚያም ልብስ ስፌት እንደምታስተምር፣ አቡጀዴም ብዙ እንደምትገዛ ነገረን።

እሷ በሄደችበት ክረምት ነው። በድሬ ክረምት ማለት ዝናብ ሳይሆን ሙቀት ነው፤ ከቀትር በኋላ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፣ ጋሪዎቹ ፈረሶቻቸውን ፈትተው ጥላ ይይዛሉ፣ ከተማው እንዳለ ይተኛል። እናቴ ከጥቂት ወራት ወዲህ ተለውጣ ነበር። ትከሳለች፣ በሌሊት ላብ ያጠምቃታል፣ ያለ ምክንያት ታለቅሳለች፤ ጠበል ስትመላለስ ከረመች። አባቴ ምን ሆነሽ ሲላት ምንም ትላለች። የዚያን ቀን የመስኮቱን መዝጊያ ዘግተን፣ ወለሉ ላይ ውሃ ረጭተን፣ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብለን ነበር። የተኛች መስሎኝ ነበር።

«ጽጌ» አለችኝ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

«አቤት እማዬ።»

«ያቺ አስተማሪሽ...» አለችና አቋረጠች። «የሚመጣውን ብቻ ነው የነገረቻችሁ? ወይስ የሚቀርበትንም ነግራችኋለች?»

ተነሥቼ ተቀመጥኩ። እናቴ ፊቷን አልመለሰችም፤ የአንገቷን ጀርባ ብቻ ነው የማየው፤ ላብ ያራሰውን ሹሩባዋን።

«ነግራናለች» አልኳት። «ዕድሜ ሲገፋ ይቀራል። ከመቅረቱ በፊት ሙቀት ሙቀት ይላል፤ ያልባል፤ ሆድ ይብሳል። ሁሉም ሴት ላይ ይደርሳል።»

«ሁሉም ላይ?»

«ሁሉም ላይ።»

«እኔማ» አለች፤ «ውስጤ የሚበላኝ በሽታ መስሎኝ... ልጆቼን ለማን እተዋለሁ እያልኩ...»

«አልታመምሽም እማዬ።»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አላወቅኩም። ቆይቶ ወደኔ ዞረች። ፊቷ እርጥብ ነበር፤ ግን ያንን ፊት እንደዚያ ልጅ ሆኖ አይቼው አላውቅም። እጄን ይዛ ወደ ምንጣፉ ሳበችኝና ተመልሼ አጠገቧ ተጋደምኩ።

«ሌላስ?» አለችኝ። «ሌላስ ምን ነገረቻችሁ? ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ከመጀመሪያው ጀመርኩላት። ከተማው ከእንቅልፉ ነቅቶ፣ የሱቆቹ በሮች መከፈት ሲጀምሩ፣ እኛ ገና አልጨረስንም ነበር።